ልጃችን ምን ትማር?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት ወራት ወደዚህ ዐምድ የሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ነገር ላይ ያተኩራሉ፤ ይኸውም ልጆች ዐሥረኛ ክፍልን ከፈጸሙ በኋላ የትኛውን የትምህርት ዘርፍ ቢይዙ ይሻላቸዋል የሚለው ነው። ዘንድሮ ከደረሱን መካከል፣ በደጋ ዳሞት ወረዳ ከፈረስ ቤት ከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ አባት ያስጻፉት ደብዳቤ ለብዙ ቤተሰብ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው፣ መልሱን ለሁሉ እንዲደርስ በዚህ ለመጻፍ ወደድን።

አባትየው እንደሚሉት ሴት ልጃቸው በከተማው ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቋን ከገጠር እየተሸከመች ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሳለች። በታሪክ፣ በጂኦግራፊና በቋንቋ ከክፍሏ ግንባር ቀደም ናት፤ በሒሳብ መካከለኛ ናት፤ ፊዚክስ ግን እጅግ ይከብዳታል። አዲስ አበባ የሚኖረው አጎቷ «ሐኪም ወይም መሐንዲስ ካልሆነች ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ትግባ» ብሎ ልኮባቸዋል። እናቷ በበኩላቸው «ዘመኑም መንገዱም አያስተማምንም፤ የተማረችው ይበቃታል፤ ትዳር ትያዝ» ይላሉ። አባትየውም «ከጥማዱ አንዱን በሬ ለመሸጥ አልሳሳም፤ ነገር ግን እኔ ከሞፈርና ከቀንበር በቀር የማውቀው የለኝምና ከሁለቱ ማንን ልስማ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ክቡር አባታችን፣ ከሁለቱም አስቀድመው ልጅዎን ይስሙ። ይህን ስንል ልጅ ያሰኘው ሁሉ ይፈጸምለት ማለታችን አይደለም። የልጅ ምኞት እንደ በጋ ደመና ሊለዋወጥ ይችላል፤ ልጅቱ ባለፉት ሦስትና አራት ዓመታት የሠራችው ሥራ ግን አይለዋወጥም፤ ያለ አድልዎም ይመሰክራል። ከአጎትም ከጎረቤትም ቃል በፊት ሊሰማ የሚገባው ይህ ምስክር ነው።

ይህ ምክር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ አባቶቻችን በአብነት ትምህርት ቤት ሲሠሩበት የኖሩት ሥርዓት ይኸው ነው። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ የወጣ ልጅ ከየትምህርቱ በየደረጃው ቢቀምስም፣ የሚጸናበትና መምህር የሚሆንበት ጉባኤ ለሁሉ አንድ አልነበረም። ዜማ የሚያዝለት በዜማው፣ ምሥጢር መቋጠር የሚቀናው በቅኔው፣ መርምሮ መተርጐም የሚወድ በመጽሐፍ ቤት ይጸናል። ለእያንዳንዱም ትምህርት ስሙ የታወቀ ቦታ አለው፤ ድጓ ለማስመስከር ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለቅኔ ደግሞ በዚሁ በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ ይጠራሉ። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ብዙ ቀን በእግሩ የሚጓዘው የሚፈልገው ትምህርት በዚያ ስለሚገኝ ነው። የኔታም ደቀ መዝሙራቸውን በቅርብ ያውቁታልና የሚደክምበትንና የሚበረታበትን አይተው መንገዱን ያመለክቱታል። በቅኔ የተመሰከረለትንም ሰው አቋቋም አልዘለቀም ብሎ የናቀው የለም።

አሁን ባለው ትምህርት መንገዱ የሚለየው በዐሥራ አንደኛ ክፍል ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ይይዛል፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና ኢኮኖሚክስን ይማራል። የመጀመሪያው ወደ ሕክምና፣ ወደ ምሕንድስና፣ ወደ ግብርናና ወደ መሳሰሉት ያደርሳል፤ ሁለተኛው ወደ ሕግ፣ ወደ ኢኮኖሚክስ፣ ወደ ሒሳብ አያያዝ፣ ወደ ጋዜጠኝነት፣ ወደ ሥነ ልቦናና ወደ ቋንቋ ጥናት ይወስዳል። ማኅበራዊ ሳይንስን ይዞ ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪም ልሁን ማለት አይቻልምና ምርጫው በችኰላ የሚደረግ አይደለም።

በዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ሒሳብ ስለከበዳቸው ብቻ ከሒሳብ ለማምለጥ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚገቡ አሉ፤ ነገር ግን ሒሳብና እንግሊዝኛ በሁለቱም ዘርፍ ይከተላሉ፤ በብሔራዊውም ፈተና በሁለቱም ይመጣሉ። ኢኮኖሚክስና ሒሳብ አያያዝም ያለ ቁጥር አይሆኑም። ስለዚህ ማኅበራዊ ሳይንስ ታሪክንና ቋንቋን የሚወድ ልጅ የሚመርጠው ዘርፍ እንጂ፣ ሰነፍ የሚሸሸግበት ዋሻ አይደለም።

ታዲያ የአጎቷ ሐሳብ ከየት መጣ? ፈጽሞ ምክንያት የለውም አይባልም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የመንግሥት ዕቅድ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ከመቶ ሰባው በሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ የሚያዝ ነበር፤ በዚያ ዘመን የተማረም ሆነ ልጁን ያስተማረ ሰው ሌላው ትምህርት ትርፍ ቢመስለው አያስደንቅም። «ዶክተር»፣ «ኢንጂነር» የሚለውም ስም በመንደር ያስከብራል። ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም። ለአጎቷ ደስታ ስትል የማይያዝላትን ትምህርት የያዘች ልጅ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በደረሰ ጊዜ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ አጎቷ አይፈተንላትም።

ፈተናውም ቀላል አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ብሔራዊው ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ የሚወስዱት ሆነ፤ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ማግኘት ግዴታ ሆነ። በመላ አገሪቱ ይህን ያገኙት በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ብቻ ነበሩ። ይህን የምንጽፈው ወላጅን ለማስፈራራት አይደለም። ወንፊቱ ይህን ያህል ከጠበበ፣ ልጅን በማትችለው ትምህርት ሁለት ዓመት አድክሞ ወደዚያ መላክ ምን ያህል ጉዳት እንዳለው እንዲታወቅ ነው።

ደግሞም ለአገር የሚጠቅመው አንዱ ዘርፍ ብቻ አይደለም። የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ሀዲስ አለማየሁ በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው፣ ኋላም በአዲስ አበባ ዘመናዊውን ትምህርት ተከታትለው በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ስማቸውን ከትውልድ ወደ ትውልድ አሻግሯል። እኚህ ሰው ያገለገሉት በቋንቋና በታሪክ ዕውቀት ነው። በሌላው ወገን ዶክተር አክሊሉ ለማን እንመልከት። በ1950ዎቹ ዓመታት በዐድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲመራመሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያም ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ። እንዶዱን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁት ነበር፤ ምሥጢሩን የገለጠው ግን ባዮሎጂ የተማረ ዐይን ነው። እንግዲህ ሁለቱም ዘርፎች ያስከብራሉ፤ የሚያስከብሩት ግን የተሰጠውን አውቆ የደከመበትን ሰው ነው።

የተፈጥሮ ሳይንስ የሚያዝለት ልጅም «ሐኪም ወይም መሐንዲስ» ከሚለው አጥር ወጥቶ አካባቢውን ይመልከት። በጎጃም ደጋ ብዙ መሬት በአሲድ ተጎድቶ ምርቱ ቀንሷል፤ ገበሬው ኖራ እንዲጨምርበት ይመከራል፤ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው መርምሮ የሚነግረው ግን አፈርና ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ነው። በቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት የዘይት ፋብሪካና የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ የምግብ ሳይንስ፣ የኤሌክትሪክና የማሽን ዐዋቂዎችን የሚሹ ናቸው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በቡሬ የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ አለው።

የልጅን ዝንባሌ ለመመርመር ማንበብ የግድ አያስፈልግም። በመጀመሪያ የሰባተኛ፣ የስምንተኛ፣ የዘጠኝና የዐሥረኛ ክፍል ውጤት መግለጫዋን ሰብስበው የሚያነብ ሰው ፊት ያኑሩ፤ በየዓመቱ ያልወረደው ትምህርት የትኛው እንደ ሆነ ያስቈጥሩ። የአንድ ዓመት ውጤት ሊያሳስት ይችላል፤ የአራት ዓመት ግን አያሳስትም። በሁለተኛ ደረጃ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደው የሒሳብና የፊዚክስ መምህሮቿን ያነጋግሩ፤ የሚጠይቁትም «ጎበዝ ናት ወይ?» ሳይሆን «የሚከብዳት ስላልጣረች ነው ወይስ ጥራም አልያዝ ብሏት?» የሚለውን ነው። መጽሐፍ በማጣት ወይም መምህር በመጕደሉ የከበዳት ከሆነ ሊታረም ይችላልና በዚህ ብቻ በሩ አይዘጋባት። በሦስተኛ ደረጃ ልጅቱን ራሷን፣ አጎትም ጎረቤትም በሌለበት፣ «ማንም ሳያዝሽ የምታነቢው የትኛውን ነው?» ብለው ይጠይቋት፤ መልሷንም ሳይቈጡ ያድምጡ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢያውቀው መልካም ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ትምህርት ያሳልፋል፤ የሚመረቅበትንም ክፍል የሚይዘው ከዚያ በኋላ በውጤቱና በምርጫው ነው። ስለዚህ ልጅዎ ዛሬ «ሕግ ነው ወይስ ኢኮኖሚክስ?» ብላ መጨነቅ አይገባትም፤ ዛሬ የሚጠበቅባት ዘርፉን መለየት ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይፈተናሉና ሳይወዱት የገቡበት ትምህርት በመጨረሻውም በር ላይ ይጠይቃል። ስለ በሬውም ቢሆን አይቸኩሉ። በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ድርሻውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው። ገንዘቡ በብርቱ የሚያስፈልገው አሁን፣ በዐሥራ አንደኛና በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ለቤት ኪራይ፣ ለመጻሕፍትና ለማታ መብራት ነውና ከእህሉ ጥቂት ጥቂት መድቦ በሬውን ከጥማዱ አለመለየት ይሻላል።

ውጤት ባይመጣስ? ነጥቡ ያልሞላላቸው፣ ነገር ግን የተቀራረበላቸው ተማሪዎች በየዓመቱ በሚወሰነው መሠረት የማካካሻ ትምህርት ተሰጥቷቸው እንደገና የሚፈተኑበት መንገድ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተከፍቷል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትም የወደቁት የሚጣሉበት ጕድጓድ አይደለም፤ ሞተር የሚጠግን፣ መስመር የሚዘረጋ፣ ከብት የሚያክም እጅ በየወረዳው ይፈለጋል። ይህን ለልጅ ከፈተናው በፊት መንገር ያስፈልጋል፤ ከፈተናው በኋላ ሲነገር ማጽናኛ ብቻ ይመስላልና።

አሁን ወደ እናታችን ቃል እንመለስ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆችም ዓመታት ባክነውባቸዋል፤ በመንገድ ላይ ሴት ልጅ ያላት እናት ብትሰጋ ማን ይፈርድባታል? ሆኖም እናታችን ሆይ፣ ለክፉ ዘመን መድኃኒቱ ልጅን ቸኩሎ መዳር አይደለም። ሕጉም ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። ትዳር ቢዘገይ ይመጣል፤ በዐሥረኛ ክፍል የተቋረጠ ትምህርት ግን በልጆች መካከል ተይዞ ሲቀጥል የሚታየው በጥቂቶች ዘንድ ብቻ ነው። መንገዱ የማያስኬድ ሲሆን ልጅቱ መጻሕፍቷን ይዛ ቤት ትሰንብት፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሒሳብ፣ አንድ ሰዓት እንግሊዝኛ ትሥራ፤ ከእንስራውና ከወፍጮው ያን ሁለት ሰዓት ይተዉላት። ዕድሜዋ ከክፍል ጓደኞቿ ቢበልጥም አይፈሩ፤ ጢሙን አብቅሎ ቅኔ የቈጠረ ተማሪ በጎጃም አይታፈርበትም፤ ለሴት ልጅስ ለምን ይታፈርበታል?

እንግዲህ ለጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ እንስጥ። ደብዳቤው እንደሚለው ከሆነ፣ መምህሮቿም ፊዚክስ የከበዳት በመጽሐፍ እጦት አለመሆኑን ከመሰከሩ፣ ልጅዎ ማኅበራዊ ሳይንስን ትያዝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ሒሳቧን ታጠናክር፤ መካከለኛ የሆነችበት እርሱ ነውና የሚጥላትም የሚያነሣትም እርሱ ነው። ለአጎቷም ምስጋና ከዚህ ቃል ጋር ይላኩለት፤ ሊረዳት ከወደደ የፊዚክስን ትእዛዝ ትቶ ያለፉትን ዓመታት የሒሳብና የእንግሊዝኛ ፈተናዎች ከአዲስ አበባ ገዝቶ ይላክላት።

እናንተም ይህን የምታነቡ ተማሪዎች፣ ጓደኛችሁ የገባበትን ክፍል አይታችሁ አትከተሉ። መዝገብ ከመፈረማችሁ በፊት ደብተራችሁን ገልጣችሁ ራሳችሁን መርምሩ፤ ከዚያም ያገኛችሁትን ለአባታችሁና ለእናታችሁ በግልጥ ንገሩ።