ላም አለኝ በሰማይ፣ ካልኩለስ አለኝ በመጽሐፍ!

የኛን ሹማምንት ስለ ትምህርት ሲያወሩ የሰማ ሰው፣ የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን ካልኩለስን እንደ ቆሎ እየቆረጠሙት የሚያድሩ ይመስለዋል። መጽሐፉ ላይማ ምን ጠፍቶ! ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በመጣው የመሰናዶ ሥርዓት፣ የ12ኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ 4 ሙሉ ምዕራፎችን ለሊሚት፣ ለዴሪቬቲቭ፣ ለዴሪቬቲቭ አጠቃቀምና ለኢንተግራል ሰጥቶ ነበር። በወረቀት ከሆነማ ከማንም አናንስም። ላሟ ሰማይ ላይ ናት፤ ወተቷን ያየ ግን የለም።

እስቲ ወደ ምድር እንውረድ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ለኩረጃ እንዳያመች ተብሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። የ2015ቱ 3.2፣ የ2016ቱ 5.4፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ። ይህ የሂሳብ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ትምህርት ድምር ነው። «ተሻሽሏል» ተብሎ በተነገረን ዓመት እንኳ ከ100 ልጅ ከ90 በላይ ወደቀ ማለት ነው።

«ልጆቹ ሰነፉ፤ ስልካቸው ላይ ተጥደው ውለው ያድራሉ» የሚል መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። እሺ፣ ሰነፍ ልጅ አለ፤ በአባቶቻችንም ዘመን ነበረ። ግን በ2014ቱ ፈተና ከ1,100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! በሞቴ፣ ከነግቢው፣ ከነዘበኛው ሙሉ ትምህርት ቤት በአንዴ ይሰንፋል? ልጅ ይሰንፋል እንበል። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤት አብሮ ከወደቀ ግን የወደቀው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ፈተና ተቀምጦ አያውቅም።

የነገሩን ሥር ለማየት ወደ 1997 ዓ.ም. መለስ እንበል። ፕላዝማ የተባለ ተአምር በየክፍሉ ተሰቀለ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየወረደ፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይነጉዳል። ተማሪው እጁን ቢያወጣ አያየው፤ «አልገባኝም» ቢለው አይሰማው። መብራት ሲጠፋ ሊሚቱም አብሮ ይጠፋል። የክፍሉ መምህር ጥግ ይዞ ማሽን ከፋችና ዘጊ ሆኖ ቀረ። ካልኩለስ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ፣ «እዚህ ጋ ለምን እንዲህ ሆነ?» እየተባባለ የሚማረው ነገር መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ወይም የነገራቸውን አልሰሙም።

በዚህ ላይ 70/30 የሚባለው መጣ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ተወሰነ። መሐንዲስ በኮታ! ክፍልፋይ መደመር የሚቸግረውን ልጅ ኢንጂነሪንግ መድቦ ኢንተግራል አስላ ማለት፣ መሠረት ሳይጥሉ ጣራ ማልበስ አይደለም ወይ?

አሁን ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ካልኩለስን «መግቢያ» ብሎ ወደ አንድ ምዕራፍ ሰብስቦታል። ጥቂት ነገር በደንብ ማስተማር ብዙውን ከማግበስበስ ይሻላል፤ በዚህ አንጣላም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ምዕራፉ ቢያጥር የሚያስተምረው ሰው የታለ? አንዳንዶችማ ጭራሽ «ካልኩለስ ለገጠር ልጅ ምን ያደርግለታል? ይቅርበት» ማለት ጀምረዋል። የነሱ ልጆች ግን ዶላር በሚከፈልበት ትምህርት ቤት ይማሩታል። ለድሃው ልጅ ሲሆን ቅንጦት፣ ለባለሥልጣኑ ልጅ ሲሆን መሠረታዊ ትምህርት!

ምን ያደርግለታል ላላችሁት መልሱን እንንገራችሁ። አምና 100 ብር የነበረ ዕቃ ዘንድሮ 130 ገባ እንበል፤ ግሽበቱ 30 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 156 ቢገባ ግሽበቱ 20 በመቶ ይሆናል። ያኔ ቴሌቪዥኑ «ግሽበት ቀነሰ» ይላል። እናት መርካቶ ወርዳ ዋጋው ጨምሮ ስታገኘው «ታዲያ ምኑ ነው የቀነሰው?» ትላለች። የቀነሰው ዋጋው ሳይሆን ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። ይህን ልዩነት በአፍጢሙ ይዞ የሚያሳይ ትምህርት ዴሪቬቲቭ ይባላል። ገብቶት የተማረ ዜጋ በሪፖርት አይሸነገልም። ምናልባት «ይቅርበት» የሚባለውም ለዚሁ ይሆን?

«የድሃ ልጅ አይችለውም» ለሚሉን ደግሞ የኃይሜ እስካላንቴን ታሪክ እናስታውሳቸው። ቦሊቪያዊ መምህር ነበር። አሜሪካ ተሰዶ መጀመሪያ የምግብ ቤት ወለል ጠርጓል። እ.ኤ.አ. በ1974 ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ፣ ጋርፊልድ በሚባል የድሆች ሠፈር ትምህርት ቤት ተቀጠረ። ካልኩለስ ማስተማር ሲጀምር ለፈተና ያደረሳቸው 5 ልጆች ነበሩ፤ ያለፉት 2። ተስፋ አልቆረጠም። በ1982 18 ተማሪዎች ተፈትነው 18ቱም አለፉ። ፈታኞቹ ግን የድሃ ልጅ እንዲህ ሊያውቅ አይችልም ያሉ ይመስል 14ቱን በኩረጃ ጠረጠሯቸው። 12ቱ እንደገና ተፈተኑ፤ 12ቱም አለፉ! በ1987 ያለፉት 85 ደረሱ።

ይህ ሁሉ በተአምር አልመጣም። ሰውየው ከታች ካለው አልጀብራ ጀምሮ መሠረቱን አስጠበቀ፤ ክረምት አስተማረ፤ ከክፍል ሰዓት ውጪም አስጠና። ከባልደረቦቹና ከአስተዳደሩ ጋር ተጋጭቶ በ1991 ሲለቅ ደግሞ ውጤቱ ወደ ታች ተንሸራተተ። ትምህርቱ መምህሩ ነበራ! እኛ ዘንድ ግን መምህር ማለት ደመወዙ ከቤት ኪራይ የማያልፍ፣ ሌላ ሥራ ባገኘ ማግስት ጠመኔውን ጥሎ የሚሄድ ሰው ሆኗል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ብቁ የሂሳብ መምህር እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ለሕዝብ ይነገር፤ የወላጅ መብት ነው። ሁለተኛ፣ ጥገናው ከ12ኛ ክፍል ሳይሆን ከታች፣ ከክፍልፋይና ከአልጀብራ ይጀመር። ሦስተኛ፣ ልጁ ሐሳቡን አፉን በፈታበት ቋንቋ ጭምር ይረዳው፤ እንግሊዝኛውን ያኔ ያክልበታል። አራተኛ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያጠቆሩ መገመት ይብቃ፤ ቢያንስ በክፍል ፈተና ልጁ የሠራበትን መንገድ ጽፎ ያሳይ። አምስተኛና ዋናው፣ መምህሩ እንደ ሰው ይከፈለው።

ገንዘብ የለም እንዳትሉን። ለአዳራሽ መጋረጃና ለስብሰባ አበል ሲሆን ከየት እንደሚመጣ እናያለንና። ትውልድ እየወደቀ በመቶኛ ዐሥርዮሽ መጽናናት ግን ነውር ነው። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። እናንተ እየላሳችሁ ነው!