ሚዛኑ ልክ፣ ድምሩ ስሕተት

ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ቡና የሚያስጭን አቅራቢ ጆንያው ሲመዘን በዐይኑ ያያል፤ ከኮምፒዩተር በወጣው ድምር ላይ ግን ሳይጠይቅ ይፈርማል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የቡናው ግብይት ወደ ኮምፒዩተር ከዞረ ወዲህ፣ ይህ ቸልታ ዋጋ ያስከፍላል።

አንድ ላኪ ከሦስት አቅራቢዎች 90፣ 80 እና 60 ፈረሱላ ተረከበ እንበል። ድምሩ 230 ነው። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ ባቀረበው ኤ.ኤስ. 400 እና በተተኪዎቹ ላይ የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም፣ ከመረጃ ቋቱ የጠየቀውን ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚያነበው አንድ በአንድ ነው። ዝርዝሩ ሲያልቅ ማሽኑ «100» የሚል ምልክት ይሰጣል፤ «ሌላ የለም» ማለቱ ነው። ፕሮግራሙ ምልክቱን ሳያይ ከደመረ፣ በእጁ የቀረውን 60 ይደግማል፤ ድምሩ 290 ይሆናል። ፈረሱላው በ17 ኪሎ ሲታሰብ፣ ይህ 1,020 ኪሎ የሌለ ቡና ነው።

ዝርዝሩ በቅደም ተከተል እንዲወጣ ካልታዘዘ ደግሞ ስሕተቱ ዛሬ በቴፒው፣ ነገ በሚዛኑ አቅራቢ ስም ሊወጣ ይችላል። የሚጠረጠረውም መዝጋቢው ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ፕሮግራመሩ ከመደመሩ በፊት ምልክቱን ይመርምር፤ ድምር ብቻ ከተፈለገም ቋቱ ራሱ ደምሮ እንዲመልስ ይዘዝ። ነጋዴውም ከመክፈሉ በፊት ድምሩን ከመረከቢያ ደረሰኞቹ ጋር ያመሳክር።

«ኮምፒዩተር አይሳሳትም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የታዘዘውን ብቻ ይደምራል።