ያስቸገረውን ተማሪ ከሜዳ አናባርረው

በየትምህርት ቤቱ አንድ የተለመደ ቅጣት አለ። ተማሪው ከክፍል ሲቀር፣ ከጓደኛው ሲደባደብ ወይም ለመምህሩ ያልተገባ መልስ ሲሰጥ በመጀመሪያ የሚነጠቀው ኳሱ ነው። «አንተ ደግሞ ምን ብለህ ትጫወታለህ?» ይባልና ማሊያውን እንዲያወልቅ ይታዘዛል። ቅጣቱ ቀላልና ፈጣን ስለ ሆነ ብዙዎች ይወዱታል። እኛ ግን በዚህ ርእሰ አንቀጽ ልንቃወመው ተነሥተናል። ልጁን ከጥፋት ሊመልሰው የሚችለውን ገመድ በገዛ እጃችን መቁረጥ ሆኖ ይታየናልና።

በመጀመሪያ ነገሩን ሳናጋንን እንናገር። ኳስ መምታት ብቻውን ጠባይ አያሳምርም። አሠልጣኙ ማሸነፍን ብቻ የሚያመሰግን ከሆነ ቡድኑ የጉልበተኞች ማኅበር ሊሆን ይችላል። ዳኛ መስደብና ተጋጣሚን መጥለፍ የሚለመድበትም ሜዳ አለ። እኛ የምንደግፈው ሕግና ተከታታይ መምህር ያለውን፣ ያሸነፈም የተሸነፈም ተጨባብጦ የሚለያይበትን ስፖርት ነው።

እንዲህ ያለው ሜዳ ክፍል የማይሰጠውን ይሰጣል። ሰነፍ የሚባለው ልጅ ከትምህርት ቢቀር የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ከልምምድ ቢቀር ግን ዐሥር ጓደኞቹ ይጠብቁታል። ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ እርሱ የሚፈለግበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። ዳኛው ሲሳሳትበት ንዴቱን መዋጥ ይለማመዳል፤ ካልዋጠው ከሜዳ ይወጣና ቡድኑ በጎደሎ ይጫወታል። ቅዳሜ ተሸንፎ ሰኞ እንደገና መሮጥንም ይማራል። ይህ ደግሞ ፈተና የወደቀ ተማሪ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ትምህርት ነው። መብሰል ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

አገራችን ሜዳ ሰውን እንደሚሠራ ምስክር አላት። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ በ1928 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን የመጀመሪያ ተጫዋቾች አንዱ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ፣ የደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አገዛዝ ከዓለም ስፖርት እንዲገለል ታግለዋል።

በበቆጂም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ደቡብ አፍሪካ ከረጅም እገዳ በተመለሰችበት በ1984 ዓ.ም. የባርሴሎና ኦሊምፒክ፣ ደራርቱ በ10 ሺህ ሜትር ወርቁን አግኝታ ዝም ብላ አልሄደችም። ተከትላት የገባችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። እነዚህ ሰዎች ያስቸገሩ ተማሪዎች ነበሩ ማለታችን አይደለም፤ አንድ የትምህርት ቤት ሜዳና አንድ ትጉህ መምህር ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ለማሳየት ነው።

ወደ ሰፈራችን ወደ ቦሌ እንመለስ። ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው በዚሁ በክፍለ ከተማችን ነው። በዚህ ደስ ይለናል። ሆኖም በዚሁ ክፍለ ከተማ መኖሪያ ቤት ተከራይተው የሚያስተምሩ፣ ለዕረፍት እንኳ የሚበቃ ግቢ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ስታዲየም ለተመልካች ነው፤ ልጅን የሚያበስለው ግን አቧራማም ቢሆን ራሱ የሚሮጥበት ሜዳ ነው።

መምህራኖቻችን «ታዲያ ጥፋት ሳይቀጣ ይለፍ ወይ?» ይሉን ይሆናል። አይለፍ። ያጠፋ ተማሪ ከግጥሚያ ይታገድ፤ ከልምምድ ግን አይባረር። ተጠባባቂ ወንበር ላይ መቀመጥ ቅጣት ነው፤ ከቡድን መቆረጥ ግን ስንብት ነው። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይላል ያገራችን ሰው።

ሁለተኛም፣ ሜዳ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ሜዳ ለሌላቸው ጎረቤቶቻቸው በተራ ይክፈቱ፤ የሴቶች ተማሪዎችም ተራ ይከበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ለራሳችን ነው። እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ ወይም ሩጫ የምናውቅ ሁሉ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ በአቅራቢያችን ላለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እናበርክት። መምህሩ ስልሳ ልጆችን ብቻውን ሊከታተል አይችልም፤ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት አብሮት ቢቆም ግን ሸክሙ ይቀልለታል። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙን ለኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ።