ሣጥኑ የጠፋበት ሸክላ

ሊብሬ የሌለው መኪና ሞተሩ የቱንም ያህል ደህና ቢሆን፣ ደላላው ገና ከመነሻው ዋጋውን ይቆርጠዋል። በጃፓን ዘመናዊ የሸክላ ጥበብ ገበያም ነገሩ ያው ነው። የሊብሬውን ቦታ የያዘው ግን ቶሞባኮ የሚሉት የእንጨት ሣጥን ነው። ሠሪው ራሱ በሣጥኑ ላይ የዕቃውን ዓይነትና ስሙን በብሩሽ ይጽፋል፤ ማኅተሙንም ያሳርፋል።

«ለእንጨት ደግሞ ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?» የሚሉ አሉ። እኔ ይከፈላል ባይ ነኝ።

ሾጂ ሐማዳን እንውሰድ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከቶኪዮ በስተሰሜን ባለችው ማሺኮ በ1924 ሰፍሮ፣ በ1978 እስኪሞት የሠራ ሰው ነው። መንግሥት በ1955 «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ብሎ ከሰየማቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱም ነው። ከአካባቢው ድንጋይ የተዘጋጀው፣ በእሳት ቀልጦ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ቀይ ቡናማ ቅቡ ዝናው የወጣ ነው። ይህ ሰው ታዲያ በማሺኮ ሸክላዎቹ ላይ አይፈርምም ነበር! በ1966 የሞተው የኪዮቶው ካንጂሮ ካዋይም አልፈረመም፤ ይባስ ብሎ ማዕረጉንም አልቀበልም ብሏል። ለእነሱ ትሕትና ነው፤ ለገዢ ግን ራስ ምታት።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ነገሩን ተንትኖታል። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ገዢው ለደህናውም ዕቃ የመናኛውን ዋጋ ይጠራል፤ የደህናው ባለቤት ዕቃውን ይዞ ከገበያ ይወጣል። የኖቤል ሽልማት በ2001 ካስገኘለት ሥራ አንዱ ይኸው ነው። ሣጥኑ የሚዘጋው ይህንን ክፍተት ነው። ፊርማ የሌለው የሐማዳ ጽዋ ያለ ሣጥኑ «የማሺኮ ሸክላ» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። የማሺኮ ሸክላ ደግሞ ሞልቷል።

እርግጥ ነው፣ ሣጥንም ይዋሻል። ባዶውን ሣጥን አግኝቶ ሌላ ዕቃ የሚከትበት አይጠፋም። ስለዚህ ሸክላው በውስጡ ልክክ ብሎ መቀመጡን ማየት፣ ጽሑፉንም ለሚያነብ ሰው ማሳየት ያስፈልጋል፤ ክዳኑ የሻይ ጽዋ ብሎ ውስጡ የአበባ ማስቀመጫ ከተገኘ ነገሩ አልቋል። ሠሪው ከሞተ በኋላ ልጁ ወይም ተማሪው የጻፈበት ሣጥንም አለ። ይህ የምስክር ቃል እንጂ ሊብሬ አይደለም፤ በእኔ ግምት ዋጋውም ዝቅ ማለት አለበት።

ለነገ ወጪ የሚፈለግ ገንዘብ እዚህ አይገባም። ሸክላ እንደ ወርቅ ተመዝኖ በዕለቱ ዋጋ አይሸጥም፤ ትክክለኛው ገዢ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ አጫራቹም ድርሻውን ያነሣል።

ለጀማሪ ከሟቾቹ ይልቅ በሕይወት ያሉት ይሻላሉ። ማሺኮ ከ1966 ጀምሮ የሸክላ ገበያ አላት፤ በጸደይና በመኸር ይቆማል። ብዙ ጊዜ ከጠረጴዛው በስተጀርባ የሚያገኙት ሠሪውን ራሱን ነው። ሣጥን ጽፎ እንዲሰጥዎ ቢጠይቁት ተጨማሪ ሊያስከፍልዎ ይችላል። በሸክላው ዋጋ ይከራከሩ፤ በሣጥኑ ግን አይከራከሩ።