ስማቸው ያልገነነውንም እንስማ

እህቶቼ፣ የዚህ ወር ርዕሰ አንቀጻችን ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ፓስፖርት አይደለም፤ ስለ ሙዚቃ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የምትል አትጠፋም። አለው፤ እስቲ ልንገራችሁ።

ቀኑን ሙሉ የምንውለው በሰው ድምፅ ውስጥ ነው። ቲቪው የነሱ፣ ወሬው የነሱ፣ ጥሪው የነሱ። የራሳችን የምንላት ማታ ጆሯችን ላይ የምንሰካት ማዳመጫ ብቻ ናት። እሷንም ስልኩ የመረጠልንን ዘፈን እየሰማን እንጨርሳታለን፤ ዛሬ ሚሊዮን ሰው ያየውን፣ ነገም ያንኑ። እኔ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ራሴ እየፈለግሁ ማድመጥ ጀምሬያለሁ፤ ያገኘሁትን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ኃይሉ መርጊያን ስሙልኝ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሲሄድ እሱና ጥቂት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 ብቻውን አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ቀረፀ። ለኑሮው ግን ታክሲ ነዳ። ዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ፣ መኪናው ኋላ የሚያስቀምጠውን ኪቦርድ አውጥቶ እዚያው ይለማመድ ነበር። ያንን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 ሰባ ዓመት አልፎት «ላላ በሉ» የሚለውን አዲስ አልበም አወጣ።

ይህ ሰው የኛ ነው የምለው ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እንጀራ የሚበላበት ሥራ ሌላ፣ እሱ ራሱ ሌላ መሆኑን ሳይረሳ ስለኖረ ነው። እኛንም «ሠራተኛዋ» ይሉናል፤ ስማችን ግን እሱ አይደለም።

ያለ ትልቅ ድጋፍ በራስ መሥራት ደግሞ ለአገራችን ሙዚቃ አዲስ አይደለም። በንጉሡ ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ያንን ተጋፍቶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። እሱ ባይደፍር ኖሮ ዛሬ የውጭ ሰው ሳይቀር የሚያደንቃቸው ብዙ የዚያ ዘመን ዘፈኖች ባልተቀረፁ ነበር።

ኢትዮ ከለር ባንድንም ፈልጉ። የመላኩ በላይ ባንድ ነው። መላኩ ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለዓመታት በጉርሻ ሲጨፍር ኖሮ፣ በኋላ ቤቱን ራሱ ተረክቦ ያቆመ ሰው ነው። ቤቱ በ2024 ፈርሷል። ማሲንቆው፣ ክራሩና ከበሮው ግን አሁንም እግር ያስነሳል።

እንዴት እናግኛቸው? የዘፋኝ ስም ብቻ አትጻፉ፤ «ማሲንቆ»፣ «ክራር»፣ «ዋሽንት» ብላችሁም ፈልጉ። ዋይፋይ ስታገኙ ለሳምንቱ አውርዱ፣ ካርድ እንዳትጨርሱ። ከሌላ ሰው ከተገለበጠው ይልቅ ከባለቤቱ ገጽ ስሙ፤ ገንዘብ ባይኖረን እንኳ የኛ አንድ ሰው መጨመር ለነሱ ዋጋ አለው። ሥራ ላይ ከሆናችሁ ግን አንድ ጆሯችሁን ክፍት አድርጉ፤ ምድጃና ሕፃን ሙዚቃ አያውቁም።

ስልክ የተከለከለች እህት አለችን። ለሷ ነው ይህን አጥብቄ የምጽፈው። በእረፍት ቀን ስንገናኝ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ያልተሰማ ሙዚቃ ይዘን እንምጣ፤ መጀመሪያ እሷ ትስማ፣ እሷ ትምረጥ። የሳምንቱን ሥራ የምታንጎራጉረው ነገር ይዛ ትግባ።

ከመካከላችንም ድምፅ ያላችሁ አላችሁ፤ ቡና ሲፈላ ሰምተናችኋል። እናንተም ዝፈኑ። በስልክ ከቀረፃችሁ የአሠሪ ቤትና ልጆች እንዳይታዩ ተጠንቀቁ፣ ጣጣ ያመጣል። የማንም ስም ሳይታወቅ ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ ግን እኛው ለእኛ ጆሮ እንሁን።