የሰርቨር ፕሮሰሰር ወይስ የጠረጴዛ?

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች፣ አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሁለተኛው በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ የተቀጠረ፣ ምክር ፍለጋ ወደ እኔ መጥተው ነበር። ከኪስ ገንዘብና ከደመወዝ እየቀነሱ ያጠራቀሙት ጥቂት ብር አላቸው። ሐሳባቸው የትንንሽ ነጋዴዎችን ድረ ገጽ በኪራይ የሚያስተናግዱበት ኮምፒዩተር ለመግዛት ነው። አንድ ሻጭ ሁለት የኢንቴል ዚዮን ፕሮሰሰር የተገጠመለት ያገለገለ ሰርቨር አሳይቷቸው ልባቸው እዚያው ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ እውነተኛ ሰርቨር ነው» አለኝ ተማሪው።

«እውነተኛነቱን አልካድሁም፤ ዳሩ ግን ዕድሜው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የወጣው ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም እንዲህ ባለው ገበያ ፊት ቆመው ሊሆን ይችላልና ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ፕሮሰሰርን እንደ አንድ የባንክ አዳራሽ ይመልከቱት። በውስጡ ያሉት ኮሮች በመስኮቱ ኋላ የተቀመጡት ጸሐፊዎች ናቸው። አንድ ሰው ድረ ገጽዎን ሲከፍት አንድ ባለጉዳይ ገባ ማለት ነው። በፒ.ኤች.ፒ. የተሠሩት ብዙዎቹ ድረ ገጾች የአንዱን ባለጉዳይ ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያስፈጽሙት በአንድ ጸሐፊ ብቻ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ቀልጣፋ ከሆነ ባለጉዳዩ ቶሎ ይሄዳል፤ ጸሐፊው ዘገምተኛ ከሆነ ግን ሌሎች ዘጠና አምስት ጸሐፊዎች በጎኑ ሥራ ፈትተው ቢቀመጡም ለዚያ ሰው የሚጠቅሙት ነገር የለም። የጸሐፊ ብዛት የሚፈለገው ወረፋው ሲረዝም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡትን ሁለት የኤ.ኤም.ዲ. ፕሮሰሰሮች እናወዳድር። ራይዘን 9 7950ኤክስ የተባለው የጠረጴዛ ፕሮሰሰር 16 ኮር አለው፤ ፍጥነቱም እስከ 5.7 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ኤፒክ 9654 የተባለው የሰርቨር ፕሮሰሰር 96 ኮር ሲኖረው ፍጥነቱ ከ3.7 ጊጋኸርዝ አያልፍም። በወጡበት ጊዜ የመጀመሪያው 699 ዶላር፣ ሁለተኛው 11,805 ዶላር ነበር የተተመነላቸው። ኤፒኩ ከሚሞሪ ጋር የሚገናኝባቸው 12 መንገዶች አሉት፤ ራይዘኑ 2 ብቻ። እንግዲህ ሺህ ደንበኛ በአንድ ማሽን ላይ ለሚያከማች ትልቅ ድርጅት ኤፒኩ ተገቢ ዕቃ ነው። ለሃያና ለሠላሳ ሱቅ ድረ ገጽ ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ገጹን ፈጥኖ ይከፍታል። በጀርመን አገር ሄትስነር የተባለው ኩባንያ የጠረጴዛ ፕሮሰሰር የገጠመላቸውን ማሽኖች በግልጽ ያከራያል፤ ተከራዩም አላፈረበትም።

«ታዲያ የሰርቨር ፕሮሰሰር ትርፉ የኮር ብዛት ብቻ ነው?» ይሉኝ ይሆናል። አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ስሕተት አራሚው ሚሞሪ፣ ማለት ኢ.ሲ.ሲ. የሚባለው ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 በቤልጅግ አገር፣ በብራስልስ አጠገብ በምትገኘው በስካርቤክ ምርጫ ተደርጎ ነበር። ድምፅ የሚቈጥረው ኮምፒዩተር ለአንዲት ተወዳዳሪ ሊሆን ከሚችለው በላይ ድምፅ ሰጥቶ ተገኘ። እንደገና ሲቈጠር ትርፉ በትክክል 4096 ሆነ። ይህ ቍጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ በኮምፒዩተር አቈጣጠር አሥራ ሦስተኛው ቢት ከዜሮ ወደ አንድ ሲገለበጥ የሚጨመረው ልክ ይኸው ነው። ባለሙያዎቹ በፕሮግራሙ ውስጥ ስሕተት ፈልገው ስላጡ አንድ ቢት በራሱ ጊዜ ሳይገለበጥ አልቀረም ሲሉ ደመደሙ። ለዚህ ምክንያት ይሆናሉ ከሚባሉት አንዱ ከሕዋ የሚመጣ ጨረር ነው። ኢ.ሲ.ሲ. ሚሞሪ እንዲህ ያለውን የአንድ ቢት ግልበጣ ራሱ ዐውቆ ያርማል።

ብርቅ ነገር ነው ብለው እንዳያልፉት። ጉግል በራሱ ማሽኖች ላይ ያደረገውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት እንዳሳየው በአንድ ዓመት ውስጥ ከማሽኖቹ አንድ ሦስተኛው ያህል ቢያንስ አንድ ሊታረም የሚችል የሚሞሪ ስሕተት ገጥሟቸዋል። ይህን ጥናት ያስጠናው ኩባንያ ራሱ በ1999 ገደማ ርካሽ የጠረጴዛ ዕቃ በቡሽ ላይ ደርድሮ ነበር ሥራውን የሚያካሂደው። ሚሞሪው ስሕተት የማይለይ ስለ ነበረ የፍለጋው መዝገብ እየተበላሸ ሠራተኞቹን ብዙ አስቸግሯል። እነርሱ ማጣሪያውን በፕሮግራም ጽፈው ተወጡት፤ እርስዎና እኔ ግን እንደ እነርሱ ያለ የመሐንዲስ ሠራዊት የለንም። የደንበኛ ሒሳብ በዝምታ ከተለወጠ የሚወቀሰው ጨረሩ ሳይሆን አከራዩ ነው።

ደግነቱ ኢ.ሲ.ሲ. ለውድ ሰርቨር ብቻ የተሰጠ አይደለም። ማዘር ቦርዱ የሚፈቅድ ከሆነ ብዙዎቹ ራይዘኖች ይቀበሉታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤ.ኤም.ዲ. ኤፒክ 4004 ብሎ ያወጣው ፕሮሰሰር ደግሞ በመሠረቱ የራይዘን ወንድም ሆኖ ለሰርቨር ሥራ ተፈትኖ የቀረበ ነው።

የጠረጴዛውን ወገን አብዝቼ እንዳላመሰግን በዚያው በ2024 የሆነውን ልንገርዎ። ኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ብሎ የሸጣቸው ፈጣን የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልት እየሳቡ ይዳከሙ ጀመር። ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት ያሠሯቸው የጨዋታ ሰርቨር አከራዮች ማሽናቸው እየወደቀ ተቸገሩ። ኩባንያው ማስተካከያ አውጥቶ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። የፍጥነት ቍጥር ከፍ ባለ ቍጥር ዕቃው እስከ ጫፉ ተወጥሮ እንደሚሠራ ማስታወስ ይገባል።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ሰርቨር እንመለስ። ዚዮን ኢ5-2670 ይባላል፤ 8 ኮር፣ ከ2.6 እስከ 3.3 ጊጋኸርዝ፣ እያንዳንዱም 115 ዋት የተመደበለት። ሁለቱ ሙሉ ጉልበታቸውን ሲሠሩ ለፕሮሰሰር ብቻ 230 ዋት፣ በወር ከ165 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሆናል። የማቀዝቀዣው ጩኸት ደግሞ አለ፤ ማሽኑን ሊያኖሩ ያሰቡት ተማሪው ከታናሽ እኅቱ ጋር በሚተኛበት ክፍል ነው! በጎኑም አለው፤ ሚሞሪው ኢ.ሲ.ሲ. ነው፣ ማሽኑ ቢጠፋም ከሩቅ ለማስነሣት የሚያስችል ትንሽ ተቈጣጣሪ በውስጡ አለ። ይህን ሁለተኛውን አትናቁት አልኋቸው። ይሁን እንጂ ለአንድ ባለጉዳይ ጸሐፊው ዘገምተኛ ነው፤ ቢበላሽም መለዋወጫው ያገለገለ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዚዮን መባሉ አያድነውም፤ ለሁሉም ዩ.ፒ.ኤስ. ያስፈልጋል።

ምክሬ ይህ ነበር፤ ለጊዜው ምንም አትግዙ። መጀመሪያ አነስተኛ ሰርቨር በወር ተከራይታችሁ አምስት ደንበኛ አግኙ። ከዚያ መግዛት ካስፈለገ ስምንት ኮር ያለው አዲስ የጠረጴዛ ፕሮሰሰር፣ ኢ.ሲ.ሲ. የሚቀበል ማዘር ቦርድና ሁለት ዲስክ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ይሁን።

ጸሐፊው ሁሉንም በማስታወሻው ጻፈ። ተማሪው ግን ፊቱ አልፈታም፤ ለሻጩ ቀብድ ከፍሎ ኖሯል። ትናንት ደውሎልኝ ግማሹን እንደ መለሱለት ነገረኝ።