የማራቶን ሯጭ በዝግ ቤት አይመረጥ

ናይሮቢ ተቀምጦ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር በኒያዮ ስታዲየም የተደረገውን የኦሎምፒክ ማጣሪያ የተከታተለ ሰው፣ የኬንያ የመም ሯጮች የሚመረጡበት ሥርዐት ምን ያህል ቅን እንደ ሆነ ሳይመሰክር አይቀርም። የ1500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን በእጅዋ የነበረው፣ ሁለት ጊዜም የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀችው ፌይዝ ኪፕዬጎን እንኳ «ስሜ ይበቃል» ሳትል ከታናናሾቿ ጋር ተሰልፋ፣ 1500ውንም 5000ውንም ሮጣ አሸንፋ፣ ወደ ፓሪስ የምትሄድበትን መብት ሕዝብ በዐይኑ እያየ ተቀበለች። ይህን ማጣሪያ የሚያካሂደው የኬንያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ወደ ማራቶን ሲመጣ ግን ሚዛኑን ይለውጥና፣ አገር የሚወክሉትን ሦስት ሰዎች በር ተዘግቶ በሚደረግ ጉባኤ፣ ከለንደንና ከቦስተን፣ ከሮተርዳምና ከቶኪዮ የመጣ የሰዓት ዝርዝር እያገላበጠ ይሰይማል። ይህም ልማድ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሮ፣ የሚጠይቀው ሰው ጠፍቷል።

አሜሪካኖች በቤዝቦል ፍጻሜያቸው ለመጀመሪያው ቀን የሚያሰልፉትን ኳስ ወርዋሪ ሲመርጡ ቢሳሳቱ፣ ግጥሚያው እስከ ሰባት ጊዜ ሊደገም ይችላልና በማግሥቱ ሌላውን አሰልፈው ስሕተታቸውን ያርማሉ። የኦሎምፒክ ማራቶን ግን በአራት ዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚሮጥ፣ ለአንድ አገርም ከሦስት ሰው በላይ የማይፈቀድበት ነውና፣ መራጩ ከሳተ ማረሚያ የለውም።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን የለንደኑ ኦሎምፒክ ነው። በ2004 ዓ.ም. ሚያዝያ የናይሮቢ መራጮች ሦስት ሰዎችን በሦስት ልዩ ልዩ ሚዛን መዘኑ ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም፤ ዊልሰን ኪፕሳንግ በዚያው ወር ለንደን ላይ ስላሸነፈ፣ አቤል ኪሩይ በለንደኑ ውድድር ስድስተኛ ቢወጣም ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ስለ ነበረ፣ ሞሰስ ሞሶፕ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቦስተን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ስለ ሮጠ ተመረጡ። የዓለምን ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ያደረሰው ፓትሪክ ማካውና፣ ቦስተን ላይ ሞሶፕን የቀደመው ጄፍሪ ሙታይ ግን በዚያ ሚያዝያ እያንዳንዳቸው አንድ ውድድር ስላቋረጡ ከቤት ቀሩ። ሞሶፕም ሳይሰለፍ ተጐድቶ፣ ቦታው ለኢማኑኤል ሙታይ ተሰጠ።

ነሐሴ 6 ቀን በለንደን ጠመዝማዛ ጎዳናዎች ላይ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። ኪፕሳንግ ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ ብቻውን አፈትልኮ ወጣ፤ አሯሯጭ በሌለበት፣ ፀሐይም በበረታበት ቀን ያባከነው ጉልበት ግን ኋላ ከዳው። ኪሩይና የዩጋንዳው ስቴፈን ኪፕሮቲች ደረሱበት፤ ወደ 37ኛው ኪሎ ሜትር ሲጠጉም ኪፕሮቲች ሁለቱንም ጥሎ ሄደ። የወርቁ ባለቤት እስከዚያ ቀን የነበረው ምርጥ ሰዓት 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነበር፤ የኬንያ ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት በሆነው በሪያዳ ሐውስ ጠረጴዛ ላይ ቢቀርብ ኖሮ ስሙ ከመጀመሪያው ገጽ ባልገባም ነበር። የተለማመደውም እዚሁ ኬንያ፣ በኤልዶሬት አካባቢ ነው። ብርና ነሐሱ ለኬንያ ሆኗልና መራጮቹ ፈጽሞ አልቀናቸውም አልልም፤ ነገር ግን ጠፍጣፋ ጎዳና ላይ፣ በብርድ፣ በአሯሯጭ የተገኘ ሰዓት፣ ሰው ከሰው ጋር በሚታገልበት ሜዳ ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚናገር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የልማዱ ጠበቆች ሪዮንና፣ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን የተሮጠበትን ሳፖሮን ይጠቅሳሉ፤ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ያለ ማጣሪያ ተሰይሞ ሁለቱንም ወርቅ አመጣ ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ሪዮ ላይ አብረውት የተሰየሙት ስታንሊ ቢዎትና ዌስሊ ኮሪር ሁለቱም ውድድሩን አልጨረሱም፤ ሳፖሮ ላይም አሞስ ኪፕሩቶ አቋርጦ ሎውረንስ ቼሮኖ አራተኛ ወጣ። እንግዲህ የአንድ ዕፁብ ሰው ተጋድሎ ለመራጮቹ ጥበብ ተቆጠረ ማለት ነው።

ያው ውዳሴ ደግሞ በፓሪስ ዐይናቸውን ጋረደው። ኪፕቾጌ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ቶኪዮ ላይ አሥረኛ ወጥቶ ሳለ፣ ሚያዝያ 23 ቀን ከቤንሰን ኪፕሩቶና ከአሌክሳንደር ሙቲሶ ጋር ተሰየመ። ሁለቱ በዚያው ዓመት ቶኪዮንና ለንደንን ያሸነፉ ስለ ነበሩ በእነርሱ አልከራከርም። በ39 ዓመቱ ያ ታላቅ ሰው ወደ ቬርሳይ የሚወስደውን ዳገት ታግሎ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ወገቡን ይዞ ሲራመድ፣ ጫማውንና የደረት ቁጥሩን ለተመልካች ሲሰጥ ማየት ለወዳጁ ሁሉ የልብ ስብራት ነበር። ማጣሪያ ቢኖር ኖሮ አሸንፎ ቦታውን ባስከበረ፣ ወይም በገዛ ሕዝቡ ፊት በክብር ለሌላው በለቀቀ ነበር፤ ይህን ዕድል የነፈጉት አከበርነው ያሉት መራጮች ናቸው።

የእኛም አገር የኢትዮጵያ ሰዎች በናይሮቢ ላይ ጣት ከመቀሰራቸው በፊት የራሳቸውን ዝርዝር ይመልከቱ። አዲስ አበባ ለፓሪስ የሰየመችው ሲሳይ ለማን፣ ደሬሳ ገለታንና ቀነኒሳ በቀለን ነበር፤ ነሐሴ 4 ቀን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክን ክብረ ወሰን የሰበረው ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ተብሎ ተቀምጦ፣ ሲሳይ በመጐዳቱ ብቻ የተጠራ ሰው ነው። ታምራት በዚያው ዓመት ጥቅምት የኒው ዮርክን ዳገት በአዲስ የቦታ ክብረ ወሰን ያሸነፈ መሆኑ የታወቀ ሳለ፣ የዳገቱ ሰው ለዳገቱ ውድድር በመጀመሪያ አልታሰበም። ሳሙኤል በኤልያብ ቁመት ተማርኮ ዳዊት ከበግ ጥበቃ እስኪጠራ ድረስ የቆየውን ዐይነት ነው፤ ልዩነቱ ሳሙኤል ስሕተቱን የሚነግረው ነበረ፣ እኛን ያዳነን ግን የአንድ ወንድማችን ጉዳት ነው።

«ማራቶን እንደ 1500 ሜትር በየወሩ አይሮጥም፤ ሯጩም ለንደንና ቦስተን የሚከፍሉትን ትቶ አይመጣም» የሚለው ክርክር ሊናቅ የማይገባው ነው፤ የሯጭ ዕድሜ አጭር፣ ቤተ ሰቡም ብዙ ነውና። ነገር ግን ጃፓኖች ለፓሪስ ማጣሪያቸውን በመጸው፣ ከኦሎምፒኩ አሥር ወር ቀድመው አድርገው፣ ቀድመው የገቡትን ሁለት ያለ ክርክር አሳልፈው፣ ሦስተኛውን ቦታ ለፈጣን ሰዓት ትተው ነበር፤ በዚያ ማጣሪያ ሁለተኛ የወጣው አካሳኪ፣ ከአገሩ ውጭ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ፓሪስ ላይ ስድስተኛ ወጣ። ኬንያም ማጣሪያዋን በኅዳር ብታደርግ፣ ለንደንና ቦስተን እስከሚሮጡበት ሚያዝያ ድረስ አምስት ወር አለ፤ በዓመት ሁለት ማራቶን የሚሮጥ ሰው ሁለቱንም ይችለዋል፤ ፌዴሬሽኑም ለአሸናፊው ከአውሮፓ የማያንስ ሽልማት ለመመደብ ከነጋዴዎቹ ጋር መደራደር ሥራው ነው።

ስለዚህ ለሎስ አንጀለሱ ኦሎምፒክ የሚሆነው የኬንያ ማጣሪያ በ2020 ዓ.ም. ኅዳር፣ ቀኑ ከአንድ ዓመት በፊት ታውጆ፣ እዚሁ ናይሮቢ ውስጥ ከኡሁሩ ሀይዌይ ተነሥቶ በንጎንግ መንገድ በኩል ይደረግ። ከተማዪቱ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆንዋ ሰዓቱ ይዘገያል፤ ይዘግይ፣ የሚፈለገው ሰዓት አይደለምና። አሯሯጭ አይቅጠሩ፤ መጀመሪያ የገቡት ሁለቱ ይሂዱ፤ ሦስተኛውን መራጮቹ ይሰይሙ፣ ምክንያታቸውንም በዚያው ዕለት ጽፈው ያውጡ።